አንጎልና ሹሩባ

ሰሞኑን ሳስብ የከረምኩት ስለ ፀጉር ነው። የማጠናው ግን አንጎል ቋንቋን እንዴት እንደሚረዳ ነው። ሁለቱ የት እንደተገናኙ ልጻፈው።

በ1980 እ.ኤ.አ. ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ዓረፍተ ነገር አስነበቡ። የአንዳንዱ የመጨረሻ ቃል ከሐሳቡ ጋር አይሄድም፤ ዳቦ ላይ ካልሲ እንደ መቀባት ያለ። እንዲህ ያለው ቃል ከታየ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ኔጌቲቭ ያጋድላል። ኤን400 ይሉታል። ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

እኔ ይህን በአማርኛ ማየት እፈልጋለሁ። የእኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «አበበ በሶ» ሲባል «በላ»ን የማይጠብቅ ማን አለ? «ለበሰ» ብንልስ? ግሱ እስኪመጣ አንጎል ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እየገመተ ይሄዳል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ፈተናው ልኬቱ ላይ ነው። ከራስ ቅል ውጪ የሚገኘው ምልክት ጥቂት ማይክሮቮልት፣ ማለትም ጥቂት የቮልት ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ምልክቱን የሚለቅመው፣ ራስ ላይ በሚጠለቅ ቆብ የሚያዘው ኤሌክትሮድ ከቆዳ ጋር በደንብ መገናኘት አለበት። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉርና ሹሩባ ቆቡን ከቆዳ ያርቁታል። በዚህ የተነሳ ስንት ሰው ከጥናት ይቀራል፣ የስንቱ መረጃ ይጣላል። ታዲያ «የሰው አንጎል» እያልን የምንጽፈው የማንን ነው? በዚያ ላይ አብዛኛው ጥናት የተሠራው በእንግሊዝኛና በጥቂት የአውሮፓ ቋንቋዎች ነው። ያንገበግበኛል።

ትናንት አንዲት እናት ለጥናቱ መጡ። ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ብሎ የወረደ አዲስ ሹሩባ። «ልጄ፣ ፍቺው እንዳትዪኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። አላልኳቸውም። በቆቡ ቀዳዳዎች በኩል ሹሩባውን በቀስታ ወደ ጎን ገፋ እያደረግኩ፣ ምልክቱን ወደ ኤሌክትሮዱ የሚያስተላልፈውን ጄል ቆዳቸው ላይ ጠብ አደረግኩ። ጊዜ ወሰደ። ስክሪኑ ላይ ሲንቀጠቀጡ የነበሩት መስመሮች ግን አንድ በአንድ ረጋ አሉ። «በሶ ለበሰ» ሲመጣ እማማ ሳቃቸው አመለጣቸውና ሞገዱ ሁሉ ተተራመሰ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ጣልኳት። የቀረው ንጹህ ነው።

በአሜሪካው ካርኒጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የምትባል ወጣት ከባልደረቦቿ ጋር ሹሩባው ራሱ የሚይዘው የኤሌክትሮድ ቆንጣጭ ሠርታለች። ፀጉሩ የሚሠራው ኤሌክትሮዱ የሚያርፍበት ቦታ ክፍት እንዲሆን ተደርጎ ነው። ምን ያህል እንዳስደሰተኝ! ዛሬ ለአማካሪዬ ጻፍኩለት፤ የሚቀጥለውን ዙር በዚህ መንገድ እንሞክር፣ የሹሩባ ሠሪ ክፍያም በጀቱ ውስጥ ይግባ ብዬ።