ማስተርሴን የያዝኩት ፓርኪንግ ውስጥ ነው

ጉድ ያደረገኝ ኮልፌ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው። ግንቦት ላይ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «አንተ እኮ ታድለሃል። አኒሜ በደጃችሁ ነው። እዛ ሰው እንደ ናሩቶ ለብሶ አደባባይ ይወጣል አሉ። እስካሁን ስንቴ ሄድክ?»

አኒሜ የሚለው የጃፓኑን ካርቱን ነው፣ ናሩቶም እዚያ ውስጥ ያለ ኒንጃ ነው። ስንቴ ሄድክ! ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሜሪካ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው አመላልሳለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። አንድም ቀን አልሄድኩም። እውነቱን ልንገራችሁና በእነዚህ 11 ዓመታት አንድ ክፍል እንኳን እንቅልፍ ሳይጥለኝ ጨርሼ አላየሁም።

እኔና እሱ ደግሞ እንዲህ አልነበርንም። በ1996 ገደማ ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ ያላቸው እትዬ ብቻ ነበሩ፤ ቤይሩት ያለችው ልጃቸው በላከችው ገንዘብ ያስገቡት ነው። መግቢያው አንድ ጀሪካን ውሃ ነው። ቀድተህ ታመጣለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለህ። ከዚያ ስፔስቱን የሚባለው የካርቱን ጣቢያ ይከፈታል፣ በዓረብኛ። ከመሃላችን ዓረብኛ የሚችል አንድም ልጅ የለም። ግን ዘፈኑን ከነዜማው በቃላችን እንይዘው ነበር። የካርቱኑ ኳስ ተጫዋች፣ ካፒቴን ማጂድ፣ ኳሷን ይዞ መሮጥ ይጀምራል፤ ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ሊመታ እግሩን ሲያነሳ ታሪኩ ለነገ ይቀጠራል። ነገ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ማጂድ ያንን ኳስ ይምታው አይምታው ሳናውቅ የቀረንበት ጊዜ ብዙ ነው። እትዬ እንግዳ ከመጣባቸው ሁላችንም እንባረራለን፣ የውሃው ሒሳብ ግን አይመለስም።

ብቻ የጓደኛዬ ጥያቄ ከነከነኝ። እንደገና ልጀምር ብዬ አንድ ሌሊት ከሥራ ስመለስ ዋን ፒስ የሚባለውን አኒሜ ከፈትኩ። ከ1,100 ክፍል በላይ ሆኗል! ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንዱ 24 ደቂቃ ቢሆን 440 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ብናስብ የ11 ሳምንት ሥራ። ይሄን ያህል ኦቨርታይም ብሠራ እኮ የመኪናዬን ዕዳ እገላገል ነበር። አያችሁ፣ ልጅ ሆኜ ክፍሉ አለቀ ብዬ ነበር የማለቅሰው፤ አሁን በሰዓት ስንት ያወጣል እላለሁ።

ስለ ኦታኮን የሰማሁትም ያን ጊዜ ነው። የአኒሜ ወዳጆች ጉባኤ በሉት። በ1994 እንደ ፈረንጆቹ ፔንስልቬንያ ውስጥ ተጀመረ፣ ከዚያ ለብዙ ዓመት ባልቲሞር ከረመ፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ እዚሁ ዲሲ፣ ዋልተር ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር ነው የሚካሄደው። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይመጣል። ይሄን ሳነብ በራሴ ሳቅኩ። ለካ በየክረምቱ እኔው ራሴ ነኝ የማደርሳቸው! ፀጉሯ ሰማያዊ የሆነች ልጅ፣ ክንፍ ያለው ጎረምሳ። አንዴ የአንዱ ጅራት በመኪናዬ በር ተይዞ መንገድ ላይ ቆመን አስለቅቀናል። የአእምሮ ችግር እንዳይሆን ብዬ በመስታወት እየሰረቅኩ አይ ነበር። የኮልፌው ልጅ፣ በጀሪካን ውሃ ማጂድን ያየሁት እኔ፣ ለዓመታት ደጁ ድረስ አድርሼ እመለሳለሁ።

ሚስቴን አስፈቀድኩ። የሦስት ቀኑ መግቢያ ባጅ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። እሱን ዝም ብላ አለፈችው። ልብሱ በፖስታ ሲመጣ ግን አልቻለችም። «ይሄን ሁሉ ብር ለመጋረጃ?» አለች። የአካትሱኪ ካባ ነው፤ አካትሱኪ ናሩቶ ውስጥ ያለ የኮበለሉ ኒንጃዎች ቡድን ነው። ጥቁር ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ቀያይ ደመና ያለበት። ግንባር ላይ የሚታሰር ጨርቅም አለው፣ ብረቱ መሃል ለመሃል ተጭሯል። ናሩቶን ያየ ያውቀዋል፤ ጭረቱ መንደሩን ጥሎ የኮበለለ ኒንጃ ምልክት ነው።

ቅዳሜ ነሐሴ 3 ቀን 2017፣ በእኛ አቆጣጠር። ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛ ቀን። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲገባኝ ወዴት እንደምሄድ እያሰብኩ፣ ትንሽ እየፈራሁ፣ ከአዳራሹ ብዙም የማይርቅ ፓርኪንግ ገባሁ። ካባውን መኪናው ውስጥ ነው የለበስኩት። ግንባሬን አሰርኩ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«አንተ!»

ድምፁን አውቀዋለሁ። በሰንበት ከፊት ቆመው የሚያስቀድሱ፣ አባቴን ከአገር ቤት የሚያውቁ፣ ሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ያስተክሉ የነበሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ብቻ እንበላቸው። የፓርኪንጉን ደንብ ልብስ ለብሰው፣ ቲኬት በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እዚያ እንደሚሠሩ አላውቅም ነበር። እኔ በቀይ ደመና፣ እሳቸው በፓርኪንግ ጃኬት፣ ተፋጠጥን። የ34 ዓመት ሰው ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ጋሼ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ! ተመረቅክ?»

እዚህ ላይ ነው ሰው መሆን የነበረብኝ። አይ ጋሼ፣ ይሄ የካርቱን ልብስ ነው ማለት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

«ማስተርስ?»

«አዎ።»

«በምን?»

«በ... በአካውንቲንግ።»

«እሰይ! እሰይ! እሰይ!» ትከሻዬን ደጋግመው ሳሙት። «አባትህ ነፍሱን ይማረው፣ ይሄን ቀን ሳያይ!» አሉ። ይቺኛዋ ከሁሉ የባሰች ነች። ከዚያ ግንባሬ ላይ ያለውን ብረት በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይሄስ ምንድነው?»

«የማዕረግ ነው።»

«ተጭሯል እኮ።»

«ያገለገለ ነው የሰጡኝ።»

«ትጠይቃቸው ነበር! ስንት ሺህ ዶላር አስከፍለው!» ብለው በዩኒቨርሲቲው ተናደዱ። የፓርኪንጉን አንቀበልም አሉ፤ ከራሳቸው ኪስ ሊከፍሉት ነው። ጭራሽ 50 ዶላር አውጥተው «ለብዕር መግዣ» እያሉ ኪሴ ሊከቱ ታገሉ። ካባው ኪስ የለውም። ሁለታችንም ኪስ ፍለጋ ስንዳብስ ቆየንና መጨረሻ ላይ መዳፌ ውስጥ ጨመቁልኝ። እምቢ ብል ይቀየማሉ። ተቀበልኩ።

ስለ ጉባኤው ብዙ አልነግራችሁም፣ ቪዲዮው ሞልቷል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ የዲሲ ሙቀት በፖሊስተር ካባ አይቻልም፣ የጾም ነገር ከድንች ጥብስ በቀር አላገኘሁም። አንዱ ታዳጊ በትህትና «ልጅዎን እየጠበቁ ነው?» አለኝ፤ አሁንም ያመኛል። የገረመኝ ሰዎቹ ናቸው። ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቦርጩ ከፊቱ የሚሄድ ሰውዬ የተማሪ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ሲንጎራደድ ማንም አይስቅበትም፣ እንዲያውም ፎቶ አብረውት ይነሳሉ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። መጀመሪያ ናቅኳቸው። ኋላ ቀናሁ። ሰውዬው ሰኞ ቢሮው ሲገባ ቅዳሜ ምን ለብሼ ነበር ብሎ የሚዋሸው ሰው የለም።

እኛ ደግሞ ኮስፕሌይ፣ ማለትም ሌላ ሰው መስሎ መልበስ፣ አናውቅም እንላለን። በሰው መኪና ላይ ተደግፎ ፎቶ የሚነሳው ማነው? የሆቴል ኩሽና ውስጥ ሰሃን እያጠበ አገር ቤት «ማናጀር ነኝ» የሚለውስ? ፈረንጁ ቢያንስ ዊጉን ማታ ያወልቀዋል።

አንድ ደስታ ግን አግኝቻለሁ። ሻጮቹ አዳራሽ ውስጥ ያ የማጂድ ማሊያ ተሰቅሎ አየሁ። «ማጂድ!» ብዬ ጮህኩ። ሻጩ ግራ ገባው። ለካ ማጂድ የዓረቦቹ ስም ነው፣ እውነተኛ ስሙ ጹባሳ ነው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ልጁን በሐሰት ስም ነው የምጠራው። አፍሬ ልሄድ ስል ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «ካፒቴን ማጂድ!» ብሎ ጮኸ። የመናዊ ነው፣ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ እሱም እንደኔ የሁለት ልጆች አባት። ዘፈኑን ጀመረው። እኔ ተቀበልኩት። ትርጉሙን ሳላውቅ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድም ቃል አልጠፋኝም። «ዓረብኛ ትችላለህ?» አለኝ። አልችልም ስለው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ አንዲት ሐምራዊ ዊግ ያደረገች ልጅ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ናት፤ እዚሁ የተወለደች። ሁለታችንም ደነገጥን። «ፕሊስ ለማሚ እንዳትነግራት፣ ላይብረሪ ነኝ ብያታለሁ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «አንቺም አላየሽኝም» አልኳት። በነጭ ግድግዳ ሥር አንድ ፎቶ አንስታኝ ተለያየን። ይቺን ፎቶ ያዙልኝ።

ከአዳራሹ ሳልወጣ ስልኬን ሳይ 11 ሚስድ ኮል። እማዬ ናት። አገር ቤት እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረው። ጋሼ ለባለቤታቸው፣ ባለቤታቸው ኮልፌ ላለች እህታቸው፣ እህታቸው ለእድሩ። እማዬ እያለቀሰች ነው ያነሳችው። «የራሴን ልጅ ምርቃት ከጎረቤት ልስማ? ምን በደልኩህ?» ከኋላዋ እልልታ ይሰማኛል። በዚያ ሌሊት ሰው ሰብስባ!

«ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ ነው እማዬ።»

«ፎቶ ላክልኝ። አሁኑኑ።»

ምን ላድርግ? የነጩን ግድግዳ ፎቶ ከግንባር በላይ ቆርጬ ላክሁላት። ጠዋት ደወለች። «ቀዩ ምንድነው ልጄ?» የትምህርት ክፍሉ ምልክት ነው አልኳት። «ያምራል። ከአክስትህ ልጅ ምርቃት ካባ ይሻላል» አለች።

ሚስቴ ይሄን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው የሳቀችው። ስትጨርስ እንባዋን ጠረገችና «በል እንግዲህ ተመዝገብ፣ ማስተርሱን መጨረስ ነው ያለብህ» አለች። ቀልዷን አይደለም። ጋሼ በየሰንበቱ ስለ ሥራ ዕድል ይጠይቁኛል። ባለፈው የታክስ ወረቀታቸውን ይዘውልኝ መጥተዋል።

ዲቪ ሞልታችሁ የምትጠብቁ ልጆች፣ ወይ በሌላ መንገድ ልትመጡ የምታስቡ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ሌላ ሰው ይምከራችሁ። እኔ የምላችሁ፣ የምትወዱትን ነገር እንደ በርበሬ ቋጥራችሁ አምጡት። ኳስ ይሁን፣ ስዕል ይሁን፣ አኒሜ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰዓት ስጡት። እኔ «ትንሽ ልደላደል» አልኩ፤ ይቺ ትንሽ 11 ዓመት በላች። እዚህ ሁሉም ነገር አለ፣ ጓደኛዬ እውነቱን ነው፣ በደጃችን ነው። ችግሩ ከደጅ የሚያስወጣ ጊዜ ነው። ደግሞ ሲገኝ ብቻህን ነው የምታየው፤ ምንጣፉ ላይ እርስ በርስ የሚገፋፋ ስምንት ልጅ የለም። የምትደብቁት ነገር ካላችሁ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ሐበሻ የሌለበት ፓርኪንግ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትደክሙ። ሜትሮ ያዙ።

50ዋ ዶላር አሁንም መኪናዬ ውስጥ ናት። ልመልሳት አልችልም፣ ላወጣትም አልቻልኩም።

ለእንቁጣጣሽ ያ ጓደኛዬ እማዬን እንኳን አደረሰዎ ሊላት ቤት ሄደ። እኔ አልነገርኩትም ነበር። ማታ ላይ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ። ሳሎናችን ነው። ግድግዳው ላይ ከአባቴ ፎቶ አጠገብ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባ ተደርጎለት፣ እኔ። በቀይ ደመና።

ለረጅም ጊዜ «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና እየጻፈ ነው ይላል። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦

«እናትህ ቡና እያፈሉልኝ ስለ ማስተርስህ አንድ ሰዓት አወሩኝ። ዝም ብያለሁ። የኔ ልክ ኤክስ ኤል ነው፣ ከነግንባሩ።»