የእንጨት እርግቦቻችሁን ቫርኒሽ አትቀቡ

አዳኞች እርግብን በአየር ጠመንጃ ለመምታት ዳስ ሠርተው ይደበቃሉ፤ ከፊታቸውም የእንጨት እርግብ ያቆማሉ። ይህ ዘዴ ለካሜራም እንደሚሠራ አንብቤ ነበር። በእርግጥም ይሠራል። እኔ ግን ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ የበቆሎ ማሳ ዳር ሦስት ቅዳሜ ተቀምጬ አንዲት እርግብ ሳታርፍልኝ ቀርታለች። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ እስከ ዛሬም ያናድደኛል።

የምፈልጋት እርግብ ብርቅ አይደለችም። ክንፏ በነጭ ነጠብጣብ የተረጨ፣ ዓይኗን ቀይ ቆዳ የከበበው፣ በየጣሪያችን የምትውለው ናት። ማጅራቷ ነጭ የሆነውና ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማትገኘው ሌላ ናት። የእኛዋ በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ጠዋት ጠዋት በመንጋ ወደ ማሳ ወርዳ የወዳደቀውን ትለቅማለች። ጣሪያ ላይ ማንም ፎቶ ያነሣታል፤ መሬት ላይ፣ በዓይኗ ከፍታ፣ ከ15 እርምጃ ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ፈቃድን በተመለከተ የነገሩኝን አትስሙ። አንድ መሥሪያ ቤት «ደብዳቤ ካለህ የማሳውን ባለቤት መጠየቅ አያስፈልግህም» ብሎኝ ለዚያ ደብዳቤ አምስት ቀን አመላለሰኝ። ማኅተሙ ሲገኝ የቃርሚያው ጊዜ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ደብዳቤውን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። በሩን የከፈቱልኝ የማሳው ባለቤት ሐጂ ናቸው፤ «ልጄ፣ ጥይት ከሌለው ምን ገዶኝ» አሉኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ባለመሬቱን ጠይቁ፤ ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ታደርሱበታላችሁ።

ዳሱ ቀላል ነው። ከዋንዛ ዛፍ ጥላ ሥር ጀርባችሁን ለግንዱ ሰጥታችሁ የበቆሎ አገዳ ክምር ታስመስሉታላችሁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ሥሩትና ወፎቹ ይልመዱት። ዝንጉርጉር ጨርቅ ግዙ የሚለውን ምክር ተዉት፤ አገዳው በነጻ ነው፤ እርግቦቹም ያውቁታል።

አሁን ወደ እንጨት እርግቦቹ ልምጣ።

ጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ የሚሠሩ ጠራቢዎች ያሉባት ከተማ ናት። ከእነሱ ለአንዱ ስድስት እርግብ አዘዝኩ። ሰውየው እጃቸው የተባረከ ነው፤ ከዋንዛ እንጨት ጠርበው፣ ግራጫና ቡናማ ቀለም ቀብተው፣ የዓይኗን ቀይ ሳይቀር አሳመሩት። ልወስድ ስሄድ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ደርበውበታል። «ጋሼ፣ ቫርኒሽ ባይኖረውስ?» ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው «ቫርኒሽ ያልነካው ዕቃ ከእጄ አይወጣም» አሉ፤ በኩራት ነው ያሉት። ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ያምሩ ስለነበር አሳዘነኝ። አመስግኜ ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት አንድ መንጋ ከከተማው በኩል መጣ። ክንፋቸውን ዘርግተው ዝቅ አሉ፤ ልቤ ቆመ። 30 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ድንጋይ እንደተወረወረባቸው ተበትነው ወደ ላይ ተመነጠቁ። ሁለተኛውም መንጋ እንደዚሁ፤ ሦስተኛውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳሱን አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ከዚያም ጥፋቱን ለሌንሱ ድምፅ ሰጠሁ፤ ለሸሚዜ ሰጠሁ፤ በማሳው ዳር ለሚጫወቱ ልጆች ሰጥቼም ተቆጣኋቸው። በእነሱ ላይ ስለተቆጣሁ አሁንም ይጸጽተኛል። ስድስቱ እርግቦች ግን ከፊቴ ቆመው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኳቸውም። ከዳሱ ውስጥ ሲታዩ ፍጹም ነበሩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሐጂ ከማሳው ማዶ ካለው ተረተር ወርደው መጡና «ልጄ፣ እርግቦችህ ከዚያ ላይ ሲታዩ እንደ መስታወት ያበራሉ» አሉኝ። አብሬያቸው ወጣሁ። የጠዋት ፀሐይ በስድስቱ ጀርባ ላይ አርፋ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ታብለጨልጫለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወፎቹ ከሚመጡበት በኩል ቆሜ አላየሁም። እርግብ ከጀርባዋ ካለ ጠባብ ክፍተት በስተቀር ዙሪያዋን ሁሉ ታያለች፤ የእኛ ዓይን የማያየውን ልዕለ ሐምራዊ ብርሃንም ታያለች። እንዲህ ያለችውን ፍጡር በሚያብረቀርቅ እንጨት ላታልል ተቀምጬ ነበር።

ከተረተሩ ላይ ሌላም ጥፋት ታየኝ። ለፎቶ እንዲያምሩ ስድስቱንም በአንድ መስመር፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙሬ አቁሜያቸዋለሁ። መሬት ላይ የምትለቅም እርግብ አብዛኛውን ጊዜ ፊቷን ወደ ነፋስ ትሰጣለች፤ የምታርፈውም ነፋስን ተቃውማ ነው። የእኔዎቹ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው ቆመዋል። የሚያርፉበትም ባዶ ቦታ አልተውኩም።

ማታውኑ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኳቸው። ያንን ሥራ መፋቅ ከባድ ነበር። ከዚያ በከሰል ዱቄትና በአመድ አሸኋቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊታቸውን ወደ ነፋስ አድርጌ፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ፣ መካከሉን አራት እርምጃ ያህል ክፍት ትቼ አቆምኳቸው። ጤዛም ያበራልና አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረግኳቸው። እህል እንድበትን የመከሩኝ ነበሩ፤ እህል ከሚበላባቸው ወፍ ጋር ዓመቱን ሙሉ ለሚታገሉ ገበሬ ማሳ ላይ ይህን ማድረግ ነውር ነው፤ አላደረግኩትም። ሐጂ አብረውኝ ወደ ዳሱ ገብተው ብቻቸውን ወጡ። ሁለት ሰው ሲገባ ያየ መንጋ አንዱ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አንዲት እርግብ በተውኩት ክፍት ቦታ አረፈች። ወደ አንደኛዋ የእንጨት እርግብ ተራምዳ በአንድ ዓይኗ፣ ቀጥሎ በሌላው አየቻት። ከዚያ አንገቷን ደፍታ መልቀም ጀመረች። ሌሎቹ ተከትለው ሲወርዱ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ፎቶውን አሳትሜ ለጠራቢው ወሰድኩላቸው። ያ ሁሉ ቫርኒሽ ተፍቆ ሲያዩ ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወደ በሩ ወጥተው በብርሃን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ብርጭቆ ወረቀቱ ሻካራው ነው ለስላሳው?» አሉኝ። ሻካራው እንደነበር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና አራት ተጨማሪ እንዲሠሩልኝ ተስማማን፤ በለስላሳው ወረቀት አጨርሰው፣ ያለ ቫርኒሽ።