የዕቁብ ገንዘቤና የጌምስቶፕ አክሲዮን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2021 መጨረሻ፣ እዚህ ሜሪላንድ የምጥለው ዕቁብ በወጣልኝ ሳምንት፣ 3,400 ዶላሩን በሙሉ ጌምስቶፕ በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሻጭ ኩባንያ አክሲዮን ላይ አዋልኩት። በወሩ መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው አክሲዮን በ27ኛው ቀን 347 ዶላር ገደማ ሲዘጋ፣ እኔ በዚያው ዕለት 10 አክሲዮን በ340 ገዝቼ ነበር። ስለ ኩባንያው ሒሳብ አንዲት ገጽ አላነበብኩም፤ ያየሁት ሌሎች ሲያተርፉ ብቻ ነው።

ዛሬ ሳስበው ከጉጉቴ ይልቅ የሚገርመኝ የዕቁቡ ነገር ነው። ገንዘቡ ከደመወዜ ላይ እየቀነስኩ ያጠራቀምኩት የራሴ ላብ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ጊዜ እጄ ስለገባ ብቻ እንደ ሎተሪ ቆጠርኩት፤ ከባንክ የማወጣው ቢሆን ኖሮ መቶ ዶላሩንም አልደፍርበትም ነበር።

ጃንዋሪ 29 በ325 ተዘጋ፤ ፌብሩዋሪ 1 በ225፤ በማግስቱ በ90። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ልቤን የያዘው 340 የሚለው ቁጥር ነበር፤ እዚያ ሲመለስ እሸጣለሁ እያልኩ ጠበቅሁ፣ ገበያው ግን እኔ በስንት እንደገዛሁ የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም። ይባስ ብዬ ጥቂት ያተረፈልኝን ሌላ አክሲዮን ሸጥኩ፤ ትርፍ መቀበል ሲያስደስተኝ ኪሳራን ማመን መሸነፍ መሰለኝ። ይህን ዝንባሌ የፋይናንስ ምሁራኑ ሄርሽ ሸፍሪንና ሜየር ስታትማን በ1985 ጽፈውበታል፤ ከእነርሱም በፊት በ1979 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ተቨርስኪ እኩል መጠን ካለው ትርፍ ይልቅ ኪሳራው ሰውን አብዝቶ እንደሚከብደው አስረድተዋል። ይህን ሁሉ ከመግዛቴ በፊት አንብቤው ነበር፤ የሕመሙን ስም ማወቄ ግን አላዳነኝም። ፌብሩዋሪ 4 በ60 ሸጬ 2,800 ዶላር ከስሬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ከመግዛቴ በፊት ለምን እንደምገዛና በስንት እንደምወጣ በደብተር እጽፋለሁ፤ ዋጋው ወደ ወሰንኩት መጠን ሲወርድ አክሲዮኑ በራሱ እንዲሸጥ የሚያደርገውንም ትእዛዝ ልቤ ገና ሳይሸበር አስቀድሜ አስገባለሁ። (ዋጋው በአንድ ሌሊት ከወረደ ትእዛዙ ካሰብኩት ባነሰ ዋጋ ሊፈጸም ይችላል፤ ቢሆንም በ340 ላይ ተቸንክሮ ከመቅረት ይሻለኛል።) በመጀመሪያዎቹ ወራት ደብተሩንም አታለልኩት፤ ገዝቼ ካበቃሁ በኋላ ምክንያት እየፈለግሁ እሞላው ስለነበር አሁን ሰዓቱን ጭምር እጽፋለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በእጄ ያለውን እያንዳንዱን አክሲዮን "ዛሬ ባይኖረኝ በዛሬው ዋጋ እገዛው ነበርን?" ብዬ እመረምራለሁ፤ መልሱ አልገዛም ከሆነ ሰኞ ይሸጣል። ያተረፈውን ቶሎ የመሸጥ አመሌ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ባለፈው ወር እንኳ ደብተሩ ቆይ እያለኝ ሸጬ፣ ከአጠገቡ "ፈራሁ" ብዬ ጻፍኩበት።