ከስፌቱ ወዲያ የተረፈው

ዛሬ ማታ ያን ጥቁር ካፖርት እንደገና ፈታሁት። ለአራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። የጎኑን ስፌት ከብብት ጀምሬ በመፍቻ እየለቀምኩ ስወርድ፣ ድሮ ወደ ውስጥ አጥፌ ያስቀረሁት ጨርቅ ብቅ አለ። ላዩ በመድረክ መብራትና በላብ ብዛት ወይቦ ወደ ቡናማ አድልቷል፤ ይሄኛው ግን ብርሃን አላየምና ከጥቅሉ በተቆረጠ ዕለት እንደነበረው ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው። መፍቻዬን አስቀምጬ ሁለቱን ቀለም ጎን ለጎን ሳይ ቆየሁ።

አዲሱ ተዋናይ ደረቱ ከበፊተኛው በ6 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። መጀመሪያ ስሰፋው በየጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትቼ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትሩ ባለፈው ለሌላ ሰው ተለቋል። ግራና ቀኝ ሁለት ስፌት፣ በእያንዳንዱ ስፌት ሁለት ጠርዝ፣ በድምሩ አራት። ከእያንዳንዱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ብለቅ 6 ይሞላል። ይህን ስሌት በጠመኔ ጨርቁ ላይ ስጽፍ የሚሰማኝ ደስታ የሚገባው እንደኔ ትርፍ አጥቶ ያለቀሰ ሰው ነው።

አለቀስኩ ስል እውነቴን ነው። ወደዚህ የአማተር ቴአትር ቡድን ስመጣ የቤተሰብና የጎረቤት ልብስ መስፋት የለመደ እጅ ይዤ መጣሁ። በቤት ስፌት 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይበቃል፤ ጨርቁ ወፍራም ሲሆንማ እንዳያብጥ እሱም ይከረከማል። በመጀመሪያው ተውኔታችን አሥራ ሁለት ልብስ እንደዚያ አሳምሬ ሰፋሁ፤ ትርፉን ሁሉ ከርክሜ፣ ጠርዙን ዘግቼ፣ ገበሩን ዙሪያውን ደፍኜ። የውስጡ ጥራት ከላዩ አያንስም ነበር። ተውኔቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዋናው ተዋናይ ታመመና ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ወፈር ያለ ሰው ተተካ። ልብሱን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። የሚለቀቅ ነገር የለውም። ከራሴ መቀስ በቀር የምወቅሰው አልነበረኝም። በመጨረሻ ጎኑን ቀድጄ የሌላ ጨርቅ ቁራጭ አስገባሁበት፤ ቁራጩ እንዳይታይ ሰውየው ክንዱን ወደ ጎኑ እንዲያስጠጋ ተነገረውና እንደታሰረ ተጫወተ። አንድ ሰው በእኔ ስፌት ምክንያት ክንዱን ለመዘርጋት ሲፈራ ማየቴ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ከዚያ በኋላ ነው በቡድኑ ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት አረጋዊት ልብስ ሰፊ አጠገባቸው ያስቀመጡኝ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መፍታትን ነው። «ልጄ፣ የመድረክ ልብስ የአንድ ሰው አይደለም። ሲሰፋ የሚፈታበት መንገድ አብሮ ይሰፋል» አሉኝ። በጎኑ ስፌትና በጀርባው መካከለኛ ስፌት ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዋል። እነዚህ ስፌቶች ዝርግ ብለው፣ በመኪናው ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እርምጃ ይሰፋሉ፣ ለመፍታት እንዲያመቹ። ገበሩ ከታች ከላዩ ጋር አይጣበቅም፤ ለብቻው ይቀመቀማል፣ እጅ ገብቶ ስፌቱን እንዲያገኘው። ሱሪ ሲሆን ደግሞ የወገቡ ቀበቶ ቀድሞ በየግማሹ ላይ ይሰፋና የኋላው መካከለኛ ስፌት ቀበቶውን ጨምሮ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ወገብ ማጥበብም ማስፋትም አንድ መስመር የመፍታት ጉዳይ ይሆናል። ሱሪ ስሰፋ ኖሬ ይህን ሳላውቅ መቅረቴ አስገረመኝ።

ልኬት አወሳሰዴንም ቀየሩት። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው እንደምለካ ሲያዩ ሜትሩን ከእጄ ወሰዱና ተዋናዩን «ተቀመጥ፤ ተንበርከክ፤ አሁን እጅህን ወደ ላይ» አሉት። በየአቋሙ ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን ርዝመት ለኩ። ቁጥሩ በየጊዜው ይለያያል። ሰው በመድረክ ላይ ይወድቃል፣ ይሸከማል፣ ይተቃቀፋል፤ ልብሱ የሚፈተነው ያኔ ነው። ከሁሉ የገረመኝ የብብት ነገር ነው። እጅ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀስ የእጅጌው መግቢያ መስፋት ያለበት ይመስለኝ ነበር። ተቃራኒው ነው። መግቢያው ሰፍቶ ወደ ታች ሲወርድ፣ ክንድ በተነሳ ቁጥር ልብሱን በሙሉ ይዞት ይነሳል። ብብት ሥር ጠጋ ብሎ ሲቆረጥ ግን ክንዱ ብቻውን ይሄዳል። ያም ካልበቃ በብብቱ ውስጥ እንደ አልማዝ ቅርጽ አራት ማዕዘን ያለው ቁራጭ ይገባል። እጅ ወርዶ ሳለ አይታይም፤ ሲነሳ ይከፈታል። ይህ ካፖርት ሁለቱም አለው። የለበሰው ሰው በሦስተኛው ትዕይንት ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲራገም የካፖርቱ ጫፍ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰዎች ፊቱን ሲያዩ እኔ የማየው ያን ጫፍ ነው።

መብራት ሌላ ትምህርት ነበር፣ እሱንም በዋጋ ነው የተማርኩት። ለአንዲት ተዋናይት ደማቅ ቀይ ከፋይ ቀሚስ ሰፋሁ። ከፋይ አስቸጋሪ ነው፤ ጠጉሩ አቅጣጫ ስላለው ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ ወገን ካልተቆረጡ አንዱ የጠቆረ ሌላው የፈዘዘ ይመስላል፤ ካውያ ካረፈበት ደግሞ ጠጉሩ ይተኛል። ሁሉን ተጠንቅቄ ጨረስኩ። በሙሉ ልብስ የምንለማመድበት ቀን የሌሊቱ ትዕይንት መጣና መድረኩ በሰማያዊ መብራት ተሞላ። ቀሚሴ ጠፋ። ቀይ ጨርቅ የሚመልሰው ቀይ ብርሃንን ነው፤ በሰማያዊ ብርሃን ውስጥ የሚመልሰው ስለሌለው ይጠቁራል። ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ቀለም ከጨለማው አልተለየም። የመብራት ባለሙያው አዝኖልኝ ከጎን በኩል ትንሽ ሞቅ ያለ ብርሃን ጨመረላት፤ ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ቁራጭ ይዤ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። ነጭም እንዲሁ መድረክ ላይ ተነጥሎ ዓይን ስለሚወጋ የተዋናዩን ፊት ይሸፍናል። ነጭ ሸሚዞቼን ሁሉ በሻይ እነክራለሁ። በእጅ ሲይዙት የቆሸሸ ይመስላል፤ ከመቀመጫ ሲያዩት ነጭ ነው።

ሻማ የሚበራበት ተውኔት ሲመጣ ግን ከውበት በፊት የማስበው እሳትን ነው። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጬ በወረንጦ ይዤ አነድዳለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ፈጥኖ ይነድዳል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል፤ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ቃጠሎው የከፋ ነው። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ በቀላሉም አይያያዝም፤ እሳቱ ሲርቅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ይህን ስሠራ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ የባሌ ዳንሰኛዋ ኤማ ሊቭሪ ናት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1862 በፓሪስ ኦፔራ ልምምድ ላይ ሳለች ስስ ቀሚሷ ከጋዝ መብራት እሳት ያዘው። ስምንት ወር ተሠቃይታ በ1863 ስታርፍ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። እሳት እንዳይዘው በኬሚካል የተነከረ ጨርቅ በዚያን ጊዜም ነበረ፤ ግን ጨርቁን ያደርቀዋል፣ መልኩንም ያደበዝዘዋል፣ ስለዚህ አልለብስም ብላ ነበር። አልፈርድባትም። እኔም የጨርቅ አወራረድ ምን ያህል እንደሚያሳሳ አውቃለሁ። ግን ሻማ ያለበት መድረክ ላይ ሳልፈትነው የማወጣው ጨርቅ የለም።

ልብስ በፍጥነት ስለሚቀየርበት ጊዜ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ዛሬ ደክሞኛል። ከመጋረጃ ጀርባ በ40 ሴኮንድ ሸሚዝ፣ ሰደርያና ክራባት የሚቀይር ሰው ሦስቱን ለየብቻ አይለብስም፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ሰፍቼ ከጀርባ እከፍታቸዋለሁ፣ ፊት ለፊት ያሉት ቁልፎች ለመልክ ናቸው። ቬልክሮ፣ ያን ተጣብቆ የሚላጥ ማያያዣ፣ እወድ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ከውሻው ጠጉር ላይ ጭጎጎት ሲነቅል አስተውሎ እንደፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት እንዳገኘበት ካነበብኩ ወዲህ የበለጠ ወደድኩት። አንድ ምሽት ግን እናት በልጇ አስከሬን ላይ ዝም ብላ በምታጎነብስበት ሰዓት ከመጋረጃው ጀርባ አንዱ ልብሱን ላጥ አደረገው። ያን ድምፅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ሰማው። አሁን የምጠቀመው መንጠቆና ትልልቅ ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ ነው።

ወደ ካፖርቱ ልመለስ። የድሮው ስፌት የመርፌ ቀዳዳ መስመር ሠርቶ ቀርቷል። ሱፍ በመሆኑ እንፋሎት አጠጥቼ በጣቴ ሳሸው ቀዳዳዎቹ ቀስ እያሉ ተዘጉ። ከፋይ ወይም ቆዳ ቢሆን ምልክቱ ለዘላለም ይኖር ነበር። አስቸጋሪው ከየወገኑ ብቅ ያለው ጥቁር ሰንበር ነው። በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት በስሱ ሳሽሁት፤ ትንሽ ደበዘዘ። ሙሉ በሙሉ ከላዩ ጋር አልተመሳሰለም። አብዛኛው ክንዱ ሥር ስለሚውል ከመቀመጫ ሆኖ የሚለየው ያለ አይመስለኝም። ስፌቱን በእጅ በሰፋፊው አያያዝኩት፤ ነገ ከተለካ በኋላ በመኪና እዘጋዋለሁ።

አዲሱ ተዋናይ የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ መድረክ ሲወጣ የመጀመሪያው ይሆናል። ዛሬ ከሰዓት ልኬቱን ስወስድ ካፖርቱን ገልብጦ አንገቱ ሥር የተሰፉትን ሦስት የስም ቁራጮች አየና ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ «ይሄ እኛን የሚያዘጋጀን ሰውዬ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። ልጁ ካፖርቱን መልሶ ሲሰጠኝ እንደ መጀመሪያው አልወረወረልኝም፤ በሁለት እጁ ነው ያቀበለኝ።

የእሱን ስም ከአራተኛው ቁራጭ ላይ አሁን ጠልፌ ጨረስኩ። መቀሱን አንስቼ ከጎን ስፌቱ ውስጥ የተንጠለጠሉትን ክሮች ብቻ ለቃቀምኩ። በየጠርዙ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ጨርቅ ቀርቷል። እሱን አልነካሁትም፤ በካውያ አስተኝቼ ገበሩን መለስኩበት።