ወጣቱ ሽማግሌ

አሁን ካምፑ ውስጥ ዕቃ ክፍል ነኝ። ዘይት፣ ዱቄትና ባትሪ እቆጥራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስድስት የአደን ወቅት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። "ለምን ተቀየርክ?" ሲሉኝ "ጉልበቴን አሞኝ" እላለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው።

እንግዶቹ አባትና ልጅ ነበሩ። የመጡት ለደጋ አጋዘን ነው። ኮታው አንድ፣ ፈቃዱም በልጅቷ ስም የወጣ። ልጅ አልኳት እንጂ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ያም ሆኖ ለሁለቱም የሚናገረው አባትየው ነበር። "ደክሞናል"፣ "ርቦናል"፣ "በመጀመሪያው ቀን አንተኩስም"። እሷ ፈገግ ትላለች፣ ወይ ዝም ትላለች።

ደጋ አጋዘንን የማያውቅ ካለ አሥር ሳንቲም ፈልጎ ይገልብጣት። አንዱ ፊት ላይ አንበሳ፣ ሌላው ላይ እሱ ነው። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት ደጋዎቻችን ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። የመጀመሪያው ማታ እሳት ዳር ለልጅቷ አንዲት አሥር ሳንቲም ሰጠኋት። አባትየው ከእጇ ተቀብሎ አገላበጣትና "እኔ በሺዎች ዶላር የከፈልኩበት ይሄ ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔም ለእንግዳ ሁሉ የማወርደውን ዲስኩር ጀመርኩ። ሳይንስ እንስሳውን ያወቀው ዘግይቶ፣ ሜጀር አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ከገደለው ወዲህ ነው። በ1910 ሊደከር የተባለው ሊቅ ሲመዘግበው የገዳዩን ስም አወጣለት።

ይህንኑ ለዱካ አንባቢያችን ወደ ኦሮምኛ መለስኩላቸው።

"ለሟች የገዳዩን ስም?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሽማግሌው እንዲህ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት "ኦኬ" የምትለዋን ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ወንዱን አጋዘን በዕድሜ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወጣቱ ቡናማ ነው፣ የቀንዱ ጫፍ ሹል ነው። ሽማግሌው ይጠቁራል፣ ግራጫ ይጨምራል፣ ነጩ የቀንዱ ጫፍ ተፈግፍጎ ይዶለዱማል። ሴቷ ቀንድ ስለሌላት ራስ ምታት የላትም። አንድ ወንድ አይተው "ይህ ነው" ካሉ ነው፣ "ተዉት" ካሉ ደግሞ ይተዋል። ከእሳቸው ጋር የሚከራከር ሰው አላየሁም።

ያን ሰሞን ልጃቸውም አብሯቸው ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲመጣ የጠመንጃ መደገፊያውንና ቴሌስኮፑን እንዲሸከም ተቀጠረ። ዝምተኛ ልጅ ነው። እኔም ልብ አላልኩትም። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ከተሳሳትኩባቸው ነገሮች አንዱ ማለቴ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ገና ሳይነጋ ወጣን። በእኛ ተራራ ጧት ጧት ነፋሱ ቁልቁል ይወርዳል። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ይገለበጥና ሽቅብ ይነፍሳል። ከታች የሚመጣ ሰው ያለው ጊዜ ያቺው ናት። ካለፈች ጠረኑ ቀድሞት ይደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ አደን ስለተከለከለ አጋዘኑ መንገድ ዳር ቆሞ ያይሃል። እኛ ቀበሌ ያለው ግን ተኩስ ያውቃል። ጠረን ከሸተተው እንደ ውሻ አንዴ ይጮኻል፣ ከዚያ በኋላ አታገኘውም።

ወደ 3,400 ሜትር ስንጠጋ የአባትየው ትንፋሽ ተቆረጠ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጁን አወናጨፈ፤ ሂዱ ማለቱ ነው። ፒኤች የምንለው፣ ፈቃድ ያለው ዋናው አዳኝ፣ "እኔ ከእሱ ጋር ልሁን" አለ። የፒኤች ቦታ ከተኳሹ ጎን ነው። ይህን ያነሣሁት ደንቡ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለኝም። ብቻ አራት ሆነን ቀጠልን፦ ሽማግሌው፣ ልጃቸው፣ ልጅቷና እኔ።

ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ አለት አለ። በደረታችን ተሳብን። ሽማግሌው ከትንሿ ከረጢታቸው አመድ ቆንጥረው ለቀቁ። አመዱ ወደ እኛ መጣ። ነፋሱ ገና ከእኛ ጋር ነው። ቀና ሲሉ ቀጥ አሉ።

አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ዳር ቆሟል። ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከፊል ሰውነቱ በቁጥቋጦ ተሸፍኗል። ቀንዱ ግን ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ጥቁር ነው። ጋማው ጤዛ ይዟል። የቀንዱ ጫፍ የተበላ ነው። በስድስት ወቅት እንደዚያ ያለ አላየሁም።

"ጃርሳ ዳ" አሉኝ ሽማግሌው በሹክሹክታ። ሽማግሌ ነው። ይህ ነው።

ልጅቷ ጠመንጃዋን መደገፊያው ላይ አስቀምጣ ዓይኗን መነጽሩ ላይ ጥላለች። ጣቷ ግን ቃታው ላይ አይደለም። ደቂቃ ይሁን ሁለት ደቂቃ እንጃ፣ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሣ፣

"ምን አለህ?" አለችኝ።

"ሽማግሌ ነው፣ ተኩሺ ነው የሚሉት።"

ዝም አለች። ጀርባዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

"ስማ፣ 'ገና ወጣት ነው' አለ በልልኝ።"

"ለማን?"

"ለአባቴ። እባክህ።"

ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ደግሞ ወዲያው ገባኝ። ገባኝ ነው የምለው እንግዲህ። ለስላሳ ልብ ነው፣ ሴት ልጅ ናት፣ አባቷ እየጎተተ ያመጣት ናት፣ ይህን የመሰለ ፍጥረት ልትገድል አንጀቷ እምቢ አለ። ሆዴ ተላወሰ። በዚያ ተራራ ላይ በሁለት ቋንቋ መሀል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ያልኩት ነው የተባለው ነገር። እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም።

"እሺ" አልኳት።

ሽማግሌው ሁለታችንንም እያፈራረቁ ያያሉ። ወዲያው ፀሐይዋ አለቱን ነካች፣ ነፋሱ ማጅራታችንን ነካው። አጋዘኑ አንዴ ጮኸ። ከዚያ አስታው ብቻ ቀረ።

አባትየውና ፒኤቹ እያለከለኩ ደረሱ። "ምን ሆነ? ለምን አልተኮሰችም?" የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው።

በእንግሊዝኛ "ሽማግሌው 'ገና ያንግ ነው፣ ይለፍ' ብለው ነው" አልኩ።

ፒኤቹ ሽማግሌውን በጥርጣሬ አያቸው። አባትየው ግን ፊቱ በራ። ሄዶ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እኔ የመጣሁት እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው ለማግኘት ነው፣ ገንዘቤን አይቶ ዝም ያላለ ሰው፣ ልጄም የተማረችው ይህን ነው፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ ከአንገቱ ላይ ባይኖኩላሩን አውልቆ ለሽማግሌው አጠለቀላቸው። ተራ ባይኖኩላር እንዳይመስላችሁ።

"ምን ነው የሚለው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ስለ ድካምዎ ነው የሚያመሰግንዎት።"

ባይኖኩላሩን በመዳፋቸው መዘን አደረጉት።

"ሳይገደል ይሸልማሉ እንዴ እነዚህ?"

ከኋላ ልጃቸው ሳለ። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማታ እሳት ዳር ጠሩኝ። ልጃቸው ከጎናቸው ቁጢጥ ብሎ ፍሙን በእንጨት ይነካካል። ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና፣

"ልጄ፣ 'ያንግ' ማለት ምን ማለት ነው?" አሉኝ።

ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ስንት ወሬ ሳወራ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያቺን አንዲት ቃል ለቅመው ይዘዋታል። ዱካ የሚለቅሙ ሰው አይደሉ?

"ወጣት ማለት ነው፣ አባቴ።"

"ማን ነው ወጣቱ?"

ልጁን አየሁት። ፍሙን ያያል።

"እሷን ነው" አልኩ። "ልጅቷን። ገና ወጣት ናት ብዬ ነው።"

"እሷማ ወጣት ናት።" አንዴ ፉት አሉ። "እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሬ እዚህ ተራራ ላይ ነኝ። አንድ ቀን ወጣቱን ሽማግሌ ብዬ አላውቅም። ሽማግሌውንም ወጣት።"

ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት ግን በልቤ ስሟገት አደርኩ። ልጅቷን አድኛታለሁ፣ እንስሳውንም አድኛለሁ፣ ሽማግሌውም ባይኖኩላር አግኝተዋል። ማን ተጎዳ? እንዲያውም አንድ ማስታወሻ ደብተር ላይ "አስተርጓሚ ልብን ይተርጉም" ብዬ ጽፌ ተኛሁ። አሁንም ደብተሩ አለ። ዘይቱን የምመዘግበው እሱ ላይ ነው።

በስድስተኛው ቀን ሌላ ወንድ አገኘን። ይህን ጊዜ ፒኤቹም አባትየውም አሉ። ሽማግሌው አመዳቸውን ለቀቁ፣ አዩ፣ "ጃርሳ ዳ" አሉ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"ኦልድ። ቬሪ ኦልድ።"

ልጁ ነው። መደገፊያውን እየዘረጋ፣ ለልጅቷ ቀጥታ ነገራት።

ተኮሰች። አንድ ጥይት፣ ከትከሻው ኋላ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ወደቀ። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ፒኤቹ ሜትሩን አውጥቶ ቀንዱን ለካ፣ ደስም አለው። አባትየው አለቀሰ። እኔ ደግሞ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ለስላሳ ልብ የት ሄደች?

ሲመለሱ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። "ያን ቀን አዝነሽለት መስሎኝ ነበር" አልኳት።

"ለማን?"

"ለአጋዘኑ።"

ከልቧ ሳቀች። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ታድናለች። ያን ጧት ሽቅብ ሮጣ መጥታ ትንፋሿ መነጽሩን ጉም አልብሶባት ኖሯል። ብርዱ ዓይኗን አስነብቶታል። የሚታያት ነጭ ነገር ብቻ ነው። ሳይታያት ብትተኩስና ብታቆስለው ኮታው ያልቃል፣ የቆሰለ እንደሞተ ነው የሚቆጠረው። "አልታየኝም" ብትል ደግሞ አባቷ ስለ መነጽር አጠራረግ እስከ አየር ማረፊያ ይሰብካታል።

"አንተ ግን ወዲያው ገባህ፤ ጎበዝ ነህ" አለችኝ።

አመሰገንኳት። ምን ልበል?

የሚሄዱ ቀን ጧት መኪናው ተጭኖ ሳለ ሽማግሌው መጡ። ባይኖኩላሩን ከነማንገቻው ጠቅልለው ይዘዋል። ከልጃቸው ጋር ናቸው።

"ይህን መልስልኝ" አሉ። "ላልሠራሁት ነው የተሰጠኝ። ያን ቀን ያልኩህን ዛሬ ንገርልኝ። 'ጃርሳ ዳ' በልልኝ። ሌላ እንዳትጨምር።"

ልጁ ከጎኔ ቆሞ ከንፈሬን ያያል። ልጅቷ የመኪናውን በር ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንዲት ነገር አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። "ሂ ኢዝ ኦልድ" አልኩ። እንግሊዝኛ እንግዲህ ለእንስሳውም ለሰውም አንድ "ሂ" ነው ያለው።

አባትየው ባይኖኩላሩን አየ፣ የሽማግሌውን ነጭ ፀጉር አየ። ፊቱ በሐዘኔታ ተሞላ። "ዓይናቸው ደክሟል ማለት ነው" አለና ባይኖኩላሩን ተቀብሎ በልጁ አንገት ላይ አጠለቀው። ትከሻውንም መታ መታ አደረገው።

"ታንክ ዩ ሰር" አለ ልጁ።

ልጅቷ ፊቷን ወደ መኪናው አዙራለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ሽማግሌው ባይኖኩላሩን በልጃቸው አንገት ላይ አዩት። "ምን አለ?" ብለው ጠየቁ። የጠየቁት እኔን አይደለም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ነገራቸው። አጭር ነገር ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በቀጣዩ ወቅት አስተርጓሚው ልጁ ሆነ። ባይኖኩላሩን አንጠልጥሎ ባትሪ ሊወስድ ወደ እኔ ይመጣል። ያን ቀን ምን እንዳላቸው ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ "ባትሪ አራት ነው የምፈልገው" ነው ያለኝ።