«ክብሪት ያለው!»

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ሲደርስ የባሕር ዳር ጀልባዎች ዕረፍት አያውቁም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ወደ ዘጌ የሚሻገረው ምእመን ከዋዜማው ጀምሮ ወደቡን ያጨናንቀዋል። እኔ የምሠራው ሰው ከሚያመላልሱት ድርጅቶች በአንዱ ነው። ሥራዬ የሠራተኞች አስተዳደር ቢሆንም በበዓል ሰሞን ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ የለምና ያን ዕለት ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር።

ጣና ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት ሐይቅ አይደለም። ጠዋት ረግቶ ያሻገራችሁ ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበትና ጀልባውን ያንገላታዋል። ከዘጌ ተሳላሚዎቹን አሳፍረን ስንመለስ ማዕበሉ በርትቶ ነበር። ካፒቴኑ መሪውን እንደያዘ አንገቱ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። የሚያየው ነገር ያለ መስሎኝ እኔም ወደዚያው ተመለከትኩ። ወዲያው አንድ ከባድ ድምፅ አሰማና ወለሉ ላይ ተዘረረ። እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጀልባው ደግሞ ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ።

ረዳቱ ገና ጢሙን ያላበቀለ ልጅ ነው። በወደቀው አለቃው ላይ ተሻግሮ መሪውን ያዘና የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ መለሰው። እሱ ባይደርስ ኖሮ ይህን የማወራው ሰው እኔ ባልሆንኩም ነበር።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። «ክብሪት! ክብሪት ያለው!»

የሚጥል በሽታ የተነሣበትን ሰው የክብሪት ጭስ ማስሸተት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። አንድ ጎልማሳ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ እንጨቱን ከቀፎው ጎን አስጠግቷል። ካፒቴኑ ከወደቀበት ክንድ በማይሞላ ርቀት የቤንዚን ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ የአንደኛው ክዳን ጠፍቶ በፌስታል ተወትፏል። (ክዳኑ እንዲገዛ በጽሑፍ ተጠይቆ ነበር፤ ደብዳቤው ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ።) ረዳቱ ፊቱን ሳያዞር «ቤንዚን ነው! ቤንዚን!» ብሎ ጮኸ። የጎልማሳው እጅ አየር ላይ ቀረ።

በዚህ መሐል ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ነጠላዋን እያጣጠፈች መጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መሆኗን ያወቅነው በኋላ ነው። ነጠላውን ከራሱ ሥር አደረገች፤ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታች፤ ጀሪካኖቹን አስነሣችና ሰዓቷን ተመለከተች። ጥርሱን በማንኪያ ሊያላቅቅ የቀረበውን ሰው «አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፤ እጁንም አይጫኑት» አለችው። አንዲት እናት ግን ከዑራ በያዙት ጠርሙስ ጠበል ሊረጩት ሲሉ አልከለከለቻቸውም። «እናቴ፣ ግንባሩ ላይ ብቻ ይሁን፤ ወደ አፉ እንዳይወርድ» ነው ያለቻቸው። እሳቸውም እንደተባሉት አደረጉ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኛችው፤ የተጠራቀመው ምራቅ ወደ ውጭ ፈሰሰ። «አምስት ደቂቃ ካለፈ አደገኛ ነው፤ ያኔ ሆስፒታል ነው እንጂ መጠበቅ የለም» አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሞላም።

ካፒቴኑ ሲነቃ የት እንዳለ አላወቀም። መጀመሪያ የጠየቀው ጫማውን ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ የነበረውን ስብሰባ ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። አንዱ «ሰይጣን ያለበትን ሰው መሪ አስይዘን ኖረናል» አለ። ሌላው ለዓመታት ከእሱ ጋር በአንድ ትሪ መብላቱ ትዝ ብሎት ፊቱ ተለዋወጠ። ሥራ አስኪያጁ «ዛሬውኑ የስንብት ደብዳቤ ይጻፍለት» ብለው ወደ እኔ አዩ። በአንድ ነገር ልክ ነበሩ፤ ይህ ሰው ከእንግዲህ ሰው ጭኖ መሪ መያዝ የለበትም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ከመሪው ማንሣትና ከእንጀራው ማንሣት ግን ለየቅል ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አወጣሁና የሕመም ፈቃዱን ክፍል ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ «እንግዲያው የሐኪም ማስረጃ ያምጣ» አሉ።

ማስረጃውን ይዞ ሲመጣ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሆዱን ነገረኝ። ሕመሙ የጀመረው በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ነው። ቤተ ሰቦቹ ያላደረሱት ጠበል የለም። ጎረቤት ልጆቹን ከእሱ ያርቅ ነበር፤ በትምህርት ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም። ወደ ባሕር ዳር ከመጣ በኋላ አንድ ጤና ጣቢያ ፌኖባርቢታል አስጀመሩት፤ ማታ ማታ የሚዋጥ ክኒን። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ አልጎበኘውም። ትዳር ያዘ፣ ልጆች አፈራ፣ ካፒቴን ሆነ። ለሥራ ሲቀጠር «የቆየ ሕመም አለብህ?» ተብሎ ቢጠየቅም የለም ብሎ ፈርሟል። አለብኝ ቢል ማን ይቀጥረው ነበር?

ከበዓሉ ቀደም ብሎ ሱባኤ ገባ። ያልዳነው ልቡ ነበርና ፈጽሞ መዳን ፈለገ። ጠበሉ ቦታ ላይ ካህን ያልሆነ፣ እንደ እሱ ለመጠመቅ የመጣ አንድ ሰው «ይህ ዓይነት ያለ ጾምና ጸሎት አይወጣም ተብሎ ተጽፏል፤ ክኒን ይዘህ ከመጣህ እምነትህ ጎዶሎ ነው» አለው። ክኒኑን ጣለው። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ይህ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ መቋረጡ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በዚያ ላይ የዋዜማውን ቀን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ዋለ፤ ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ አደረ፤ በማግስቱም ሳይቀምስ መሪውን ያዘ። እንቅልፍ ማጣት ለዚህ ሕመም ትልቅ ቀስቃሽ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ስለ ክኒኑ ጤና ጣቢያው ያውቃል። ስለ ጾሙና ስለ ሱባኤው የንስሓ አባቱ ያውቃሉ። ስለ ትርፍ ሰዓት ሥራው የእኛ የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ ያውቃል። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ ሦስታችንም ከእሱ አንድ አንድ ቁራጭ ይዘን ሙሉውን ያየ አልነበረም። የጤና ጣቢያው ነርስ ስለ ጾም አልጠየቀችውም፤ የንስሓ አባቱ ስለ መድኃኒት አልሰሙም፤ እኛ ደግሞ የጠየቅነው ጀልባ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ብቻ ነው።

ነገሩን ያስተካከሉት የንስሓ አባቱ ቀሲስ ናቸው። እሱው ለምኗቸው ቢሮ ድረስ መጡ። ተቆጥተው ነበር።

«ልጄ፣ መድኃኒት እንደምትወስድ ስለ ምን ደበቅኸኝ?»

«አባቴ፣ እምነት የለህም ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ጾሙን በአቅምህ ልክ አደርግልህ ነበር። ለታመመ ሰው ሥርዓት አለው።»

ከዚያ መጽሐፈ ሲራክን ጠቀሱለት፤ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር እንደሚል፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንደሚናገር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር መውሰድ እንደሚችሉ በግልጽ መናገራቸውንም አስታወሱት። «ጠበሉም የእሱ፣ ክኒኑም የእሱ» አሉና ሲነሡ እንዲህ ጨመሩ፦ «ደስ ካለህ በጠበሉ አወራርደህ ዋጠው።»

ያ ሰው ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀሰ። ነርሷ «አታቋርጥ» ስትለው ዓመታት አልፈዋል፤ ቃሉ ያው ነው። እሱ ግን ሲጠብቀው የኖረው ከእሳቸው አፍ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠበሉን ጥፋተኛ የሚያደርግ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ያን ሁሉ የልጅነት መገለል ችሎ ሰው እንዲሆን ያደረገው ጸሎቱ መሆኑን እሱ ራሱ ይመሰክራል። የሚያናድደኝ ሥልጣንም ዕውቀትም ሳይኖረው የሌላውን ሰው መድኃኒት የሚያስጥል ምላስ ነው። እንዲህ ያለ ምላስ በጠበል ቦታ ብቻ አይገኝም፤ በየቢሮው አለ።

የእኛው ቢሮ ለዚህ ምስክር ነው። ቡና የምታፈላልን ልጅ የእሱን ስኒ ለይታ በጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። ማን እንዳዘዛት ብትጠየቅ «ማንም» አለች፤ እውነቷን ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማንም አያዝም፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያያል እንጂ። ከጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ ጋብዘን በምሳ ሰዓት አነጋገሩን። በሽታው የአንጎል እንደሆነ፣ በምራቅም በትንፋሽም እንደማይተላለፍ፣ በአግባቡ ከታከሙት ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ አስረዱን። አንድ ባልደረባችን እጁን አውጥቶ «አረፋው ቢነካንስ?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው «ትታጠበዋለህ» ብለው መለሱለት። ክሩ ከስኒው ላይ ተፈታ። ጠያቂው ባልደረባችን ግን እስከ ዛሬ የራሱን ስኒ ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

ድርጅቱ አንዳንድ ነገር ለውጧል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በማግስቱ መሪ አይይዝም፤ ለበዓል ሰሞን ተለዋጭ ካፒቴን ይመደባል። አገልግሎት የሚያበዙት አንዳንዶቹ «መንፈሳዊነታችን ሊቆጠርብን ነው ወይ?» ብለው አጉረምርመው ነበር፤ የበዓሉ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ላመለጣቸው ግን ቅሬታው የመንፈስ ብቻ አይመስለኝም። ሕመም ያለበት ሠራተኛ ለእኔ ቢናገር ከሥራ እንደማይባረር፣ ሥራው ግን ሊቀየር እንደሚችል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከለጠፍነው በኋላ አንድ የስኳር ሕመምተኛ በሩን ዘግቶ አነጋግሮኛል።

ካፒቴኑ አሁን ወደብ ላይ ነው። የተሳፋሪ ዝርዝር ይመዘግባል፣ ሞተር ሲበላሽ ይፈታል፤ እጁ ለሞተር የተባረከ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፣ ክትትሉ ላይ ይገኛል፣ እሑድ ቅዳሴ አያስቀርም። ባሕር ላይ መውጣት ይናፍቀዋል፤ ሲከፋው «እኔ እኮ የመሬት ሰው አልነበርኩም» ይለኛል፤ እኔም የምመልስለት የለኝም። ወደብ ሲዛወር ለካፒቴኖች የሚከፈለው አበል ተቀንሶበታል። የመሪ አበል መሪ ለያዘ ብቻ ነው የሚለው የሒሳብ ክፍል ነው፤ በሕመም የተዛወረ ሰው ገቢው ሊነካ አይገባም የምለው እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ለቦርድ መርተውታል፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው ከፋሲካ በኋላ ነው።