ያልደረሰው ፕሮፎርማ

ድርጅታችን ከመሀል ከተማ ወደ ቱሉ ዲምቱ ከተዛወረ ወዲህ የሜይል ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ዛሬ ጠዋት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የሽያጭ ሠራተኛችን ስልኩን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ፕሮፎርማው አልደረሰንም እያሉኝ ነው። እኔ እኮ ልኬያለሁ፤ ይኸው እየው።»

እውነታቸውን ነው። ስክሪናቸው ላይ ተልኳል ይላል። ግን እሳቸው «ላክ» ሲሉ ደብዳቤው የሚገባው በፖርት 587 (ፖርት በቁጥር የሚታወቅ የኮምፒውተር በር ነው) ወደ ራሳችን ሰርቨር፣ ማለትም ሜይል ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተራችን ነው። የተቀባዩን በር በፖርት 25 የሚያንኳኳው ከዚያ በኋላ ሰርቨራችን ነው። የተበላሸው እዚያ ጋ ነበር። ተመላሽ መልእክትም መጥቶላቸዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ነገር ስለሆነ ማስታወቂያ መስሏቸው አልፈውታል። በዚህ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም።

ሰርቨራችን ላይ ሜይል የሚያመላልሰውን ፕሮግራም፣ የፖስትፊክስን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ከፈትኩ። ደንበኛው የሚጠቀመው ጂሜይል ነው፤ መልሱ 550 5.7.26 ይላል። ኮዱ በ4 ቢጀምር ኖሮ ብዙም አልጨነቅም፤ ቆይተህ ሞክር ማለት ነው። ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ወረፋ ላይ አስቀምጦ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ እስከ 5 ቀን ይሞክራል። እዚህ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ የቆዩት ደብዳቤዎች የሚወጡት በዚሁ ነው። በ5 የሚጀምር ግን ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ይሄኛው ደግሞ «ማንነትህን አላረጋገጥክም» የሚል ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ፍለጋ አላስፈለገም። ስንዛወር መስመሩ ተቀየረ፣ አይፒ አድራሻችንም (ኢንተርኔት ላይ የምንታወቅበት ቁጥር) አብሮ ተቀየረ። ዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞች ማውጫ) ላይ ያለው፣ በስማችን መላክ የተፈቀደላቸውን አድራሻዎች የሚዘረዝረው የኤስፒኤፍ መዝገብ ግን አሁንም የድሮውን አድራሻ ነው የሚጠራው። ዲኬም የሚባለው፣ ደብዳቤው ከእኛ መውጣቱን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ደግሞ ሰርቨሩ ሲተከል ጀምሮ የለም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ይፈልጋል። ብዙዎች ይማረሩበታል፤ እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። ሜይል የሚላክበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። አንድ ሌባ በእኛ ስም፣ የራሱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር አስገብቶ ፕሮፎርማ ቢልክስ? ደንበኛችን ብሩን ለማን ሊከፍል ነው?

ኤስፒኤፉን አስተካከልኩ፣ የዲኬም ቁልፍ አውጥቼ ዲኤንኤስ ላይ ጫንኩ። ወደ ግል ጂሜይሌ ላክሁና የደብዳቤውን ኦሪጅናል ከፍቼ አየሁ። ሁለቱም አልፈዋል። ደብዳቤው ግን ስፓም ውስጥ ነው የተቀመጠው።

የቀረው ፒቲአር ነው፤ ከአይፒው ተነስቶ ወደ ስማችን የሚመልሰው መዝገብ። እሱ በእኔ እጅ አይደለም። የሚጽፈው አይፒውን የሰጠን የኢንተርኔት አቅራቢ ነው። ደወልኩ፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ በአካል ኑ አሉኝ። ይሄ ያናድዳል። ቋሚ አይፒ ሲሸጡ ቅጹ ላይ «የሜይል ሰርቨር አላችሁ?» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩ ኖሮ ስንቱ ትንሽ ድርጅት ከእንግልት በዳነ!

እትዬ ፕሮፎርማውን ለጊዜው በቴሌግራም ልከውታል። ደንበኛው ግን ከድርጅቱ ሜይል ካልመጣ ፋይል ውስጥ አናስገባም ብሏል። ፕሮፎርማ የሚሰበስቡት እስከ ዓርብ ነው። ለኢንተርኔት አቅራቢው የሚሄደውን ደብዳቤ ጽፌ ሥራ አስኪያጁን አስፈርሜያለሁ፤ ነገ ጠዋት ከታክሲ ሰልፉ በፊት መውጣት አለብኝ።